የጠብታው ጎማ

የካቲት 19

…የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ አስደግፎ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጎ «ዓይንሽን ጨፍኚ» ሲለኝ፤ ከማንኩሳ ወዲህ፣ መንገድ ዳር፣ እኔ ገና ሙሽራ፣ የቀሚሴ ጫፍ ቅባት ነክቶት፣ እሱ እየሳቀ። ከዚያ ደግሞ አንድ ነገር ብሎኝ ነበር። ስለ ድምፅ። ምን ነበር? ጠፋኝ። ይጥፋ።

የምጽፈው ስለ ዛሬ ነው። ዛሬ አደባባዩ ላይ የመኪናዋ ሞተር ጠፋ። እግሬን ከነዳጅ መስጫው ሳነሳ ተንቀጠቀጠች፣ አቃሰተች፣ ዝም አለች። ደግሜ አስነሳኋት፤ ጠፋች። ከኋላዬ ባጃጆች ጡሩንባ ይነፋሉ። ላብ በአንገቴ ወረደ። ሁለት ሹፌሮች መጥተው በአክብሮት «መምህርት፣ እንግፋልዎት?» አሉኝ። እየገፉ ሲነጋገሩ ግን ሰማኋቸው።

«ባሏ ሲሄድ ነፍሷን ይዞባት ሄደ።»

«የማንኛቸውን?»

ሳቃቸው እስከ ዳገቱ ሥር ተከተለኝ።

ባሌ አለበል ልብሱን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ቡሬ፣ ማርያማዊት የምትባል ልብስ ሰፊ ቤት የገባው በጥምቀት ማግስት ነው። መኪናዋ መጥፋት የጀመረችው በዚያው ሳምንት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ጽፌ አየኋቸው።

የካቲት 22

የንስሐ አባታችን አባ ገብረ ኢየሱስ መጡ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ እርሳቸው ናቸው። ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ተናገሩ።

«ልጄ፣ ዕርቁ እምቢ ካለ ንብረቱ በሰላም ይከፈል። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ እንሰበሰባለን። ባልሽ ለሁለት ይመድባል፤ አንቺ ትመርጫለሽ። የቱን እንደምትወስጂ ስለማያውቅ አያዳላም።»

የአገራችን ወግ ነው። የአባቴ መሬትም በእንዲህ ያለ መንገድ ነው የተከፈለው። እስከዚያ መኪናዋ እኔ ግቢ ትቆያለች፤ መንዳት እችላለሁ፣ መሸጥ አልችልም። እሱ ሊያያት ከፈለገ አባ ባሉበት ብቻ።

ያለን ነገር ይህ ቤትና ይህች መኪና ነው። ሌላው ማሟያ ነው። መኪናዋ ደህና ብትሆን ከቤቱ ትበልጣለች፤ ዘንድሮ አሮጌ ኮሮላም ቢሆን ይፈለጋል። እንዲህ በየመንገዱ እየጠፋች ግን ብረት ናት።

ልጄ ውዳሴ ከጓዳ ሆና ታዳምጥ ነበር። አባ ሲወጡ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ሰኔ ላይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አለባት።

«እማ፣ ቤቱን ነው የምትመርጪው አይደል?»

«ሌላ ምን እመርጣለሁ?»

መራጭ ነኝ። እራት ስናነሳ ቃሉን በልቤ ደጋገምኩት። የገዛ ባሌ ቁጭ ብሎ ከኔ አፍ የሚወጣውን ይጠብቃል።

የካቲት 25

ቤንዚኑ ይሆን? ማደያው ከደረቀ ቆይቷል፤ የምንገዛው በሃይላንድ ጠርሙስ ከመንገድ ዳር ነው። ውኃ ይቀላቅሉበታል ይላል ሰው። ጥቂት በብርጭቆ ቀድቼ አሳደርኩት። ውኃ ቢኖርበት ከታች ይተኛ ነበር። ጥርት ብሎ አደረ።

ቤንዚኑ አይደለም።

የካቲት 29

ታደለ ጋራዥ። ካንዴላዎቹን፣ ቤንዚኑን የሚለኩሱትን፣ ፈትቶ በብርሃን አያቸው። ጫፋቸው አመድ መስሎ ነጥቷል። «ነጥተዋል» አለ ለራሱ፣ ግን አላብራራም። ቀየራቸው። አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር አጠበ። ከዚያ ሚኒሞዋን ከፍ አደረገ፤ ሚኒሞ የሚሉት እግር ከነዳጁ ላይ ሲነሳ ሞተሩ በራሱ የሚተነፍስበትን ዝቅተኛ ትንፋሽ ነው።

ጠዋት እንደ ወፍጮ ጮኸች። ቀትር ላይ፣ ስትሞቅ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠፋች። ተማሪዎች አጨበጨቡ።

መጋቢት 3

በሙቀቱ ቤንዚኑ ተንኖ ነው፣ የቤንዚን ፖምፓዋ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልይባት አሉኝ። ጠቀለልኩ። የታመመ ሰው ግንባር መሰለች። አልረዳትም።

መምህራን ክፍል ውስጥ ባልደረባዬ እማዋይሽ ይህን ስነግራት ከት ብላ ሳቀች። «አንቺ ደግሞ! እኔ ብሆን ክብሪት ጭሬባት፣ አመዷን በፌስታል ቋጥሬ ቡሬ እልክለት ነበር።» ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቀኑን ሙሉ ግን ፌስታሉን ሳስብ ዋልኩ። ቋጠሮውን ሲፈታ።

መጋቢት 6

መጣ። አባ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ ስፌቱን አይቼ የማን እጅ እንደሆነ አወቅሁ። ሰላምታ ለውዳሴ፣ ሰላምታ ለግድግዳው። ኮፈኑን ከፈተ፣ አስነሳት፣ ስትንቀጠቀጥ እጁን አጣምሮ አያት። ጠፋች።

«አባ፣ እርስዎ ይመስክሩ። ይኸው። የሞተሯ ራስ፣ ቴስታዋ፣ ሳይሰነጠቅ አልቀረም። ሞተሯ መውረድ አለበት፤ ዕቃው ደግሞ የትም አይገኝ።»

«በድን ናት በለኛ!» አሉ አባ።

«በድን ናት አባ።»

ይህን ሲል ዓይኑ አላዘነም። ይህ ሰው እኮ መኪናዋን አጥር ጭሯት እንባ የተናነቀው ሰው ነው። «ሙሽሪት» እያለ ግንባሯን የሚዳብሳት። እኔን በስሜ ነበር የሚጠራኝ።

ኮፈኑን ቀስ አድርጎ ዘጋና፣ ወደ እኔ ሳይዞር፣ «አልፎ አልፎ አስነሺያት። ስሚያት» አለ።

ስሚያት ይለኛል። የበድን ምኑ ይሰማል?

ውዳሴ እስከ ውጭው በር ሸኘችው። እዚያ ቆመው አወሩ። ምን እንዳወሩ አልነገረችኝም። አልጠየቅሁም።

መጋቢት 9

ከሰዓት ክፍል አልነበረኝም። ግቢውን ከውስጥ ቆለፍኩ። ኮፈኑን ከፍቼ ሞተሩን አስነሳሁና፣ የሚያይ ሰው ስለሌለ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ።

መጀመሪያ ሁሉም አንድ ጩኸት ነው። ቆይቶ ይለያያል። የቀበቶው። የብረቱ። ከሥር የጭስ ማውጫው። ከዚያ በሁሉም መካከል አንድ ቀጭን ነገር፣ ሰው ተናዶ በጥርሱ መካከል እንደሚያስወጣው ትንፋሽ። ፉጨት።

የአየር ማጣሪያውን ክዳን አነሳሁ። የካርቡሬተሩን አፍ በመዳፌ ግማሹን ሸፈንኩት። መታፈን ነበረባት፤ ተረጋጋች። እጄን ሳነሳ ተንቀጠቀጠች። ሸፈንኩ፤ ተረጋጋች። አየር በዝቶባታል ማለት ነው። በማይገባበት በኩል አየር እየገባ ነው።

ያኔ የጠፋኝ ነገር መጣልኝ። ማንኩሳ መንገድ ላይ ያለኝ። «ሲያፏጭ ከሰማሽ የሆነ ቦታ ክፍት ነው። በጣትሽ ፈልጊው።»

ቱቦዎቹን በእርጥብ ጨርቅ አንድ በአንድ ጫንኳቸው። ምንም። ምንም። ከካርቡሬተሩ ሥር፣ አየርና ቤንዚን አብረው ወደ ሞተሩ በሚገቡበት ብረት ጎን፣ አንድ ነገር ጣቴን ሳበው። የብዕር ክዳን የምታህል የብረት አፍ። ጣቴን እንደ ሕፃን ጠባችው። ሞተሩም ወዲያው ለስላሳ ሆነ፤ ድሮ ጠዋት ጠዋት አልጋ ላይ ሆኜ እንደምሰማው፣ እሱ ሥራ ሊሄድ ሲያሞቃት።

ጣቴን ሳላነሳ ብዙ ቆምኩ።

ከዚያ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ዙሪያው ሁሉ የዓመታት ቅባትና አቧራ ተጋግሮ ጠቁሯል። የዚያች አፍ ዙሪያ ብቻ ንጹሕ ነው፤ ብረቱ ያበራል። ቆብ ነበራት። የጎማ ቆብ። በቅርቡ የተነቀለ።

መጋቢት 10

አውቆ ነው።

ክፍል ውስጥ ካርታ ስሰቅል፣ አውቆ ነው። ሽሮ ሳማስል፣ አውቆ ነው።

መኪናዋን በድን አስመስሎ ሊመድባት። እኔ ፈርቼ ቤቱን ስወስድ እሱ አንገቱን ደፍቶ በድኑን ሊያስጎትት። ቡሬ ሲደርስ ቆቡን ከኪሱ አውጥቶ ሊሰካ። ከዚያችኛዋ ጋር መስኮት ከፍተው ሊሄዱባት። በኔ ሊስቁ።

ለአባ ብነግራቸው? ይገሥጹታል። እግራቸው ላይ ይወድቃል። ይቅር በይው ይሉኛል። በቃ፣ ያልቃል።

እንዲያልቅለት አልፈልግም።

መጋቢት 13

ቆብ ሠራሁ። የውዳሴ የዓይን ጠብታ መንጠባጠቢያው ጫፍ ላይ የሚጨመቅ ጎማ አለ። ብረቱ ላይ ልክክ አለ። በክር ጠበቅ አድርጌ አሰርኩት። እስክትሞቅ ጠበቅሁ። አልጠፋችም። መብራት አበራሁባት፤ አልጠፋችም። ብቻዬን ሳቅሁ። ድምፄን ስሰማው አቋረጥኩ።

ውዳሴ ስታጠና ዓይኗን እያሸች «እማ፣ ጠብታዬን አይተሻል?» አለች።

«አላየሁም።»

የመጋቢት አቧራ ነው ዓይኗን የሚያቀላው። ነገ ሌላ እገዛላታለሁ።

መጋቢት 18

ብቻዬን ስሆን ቆቡን እሰካለሁ፤ ሰው ሲያይ እነቅለዋለሁ። ዛሬ መናኸሪያው በር ላይ፣ የሱ ጓደኞች በሚቆሙበት ቦታ፣ አስጠፋኋት። ምሥጋና የሚባለው ደላላ ጫቱን ወደ ጉንጩ ገፍቶ ቀረበኝ።

«መምህርት፣ ይህችን ለማረሻ አይሸጧትም?»

«ማረሻም አይወጣት» አልኩት አንገቴን ደፍቼ።

«ኧረ ይተዋት፣ ቤትዎን ይያዙ! አለበል ራሱ አልቅሶ ነው የሚወስዳት።»

ሳቁ። ይሳቁ። ዛሬውኑ ደውሎ እንደሚነግረው አውቃለሁ። እሱም ስልኩን ዘግቶ ፈገግ ይላል። ያቺን ፈገግታ ነው የማሳድገው። ትፋፋ። ትወፍር። የማርዳት ቀን አላት።

እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጠብታውን አልገዛሁም። ነገ።

መጋቢት 20

ቅዳሜ። መንገዱ ክፍት ነው ሲሉኝ ማልጄ ቆቡን ሰክቼ ቡሬ ሄድኩ። ኬላው ላይ ቆሜ ስፈተሽ አልጠፋችም። ከማርያማዊት ልብስ ስፌት ቤት ፊት ለፊት ቆምኩ። ሞተሩን አላጠፋሁም። መስኮቱን ዝቅ አደረግሁ። እሱ ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ካለ ይህን ድምፅ በሺህ መካከል ይለየዋል። እንዲሰማው ፈለግሁ። እንዳይሰማውም ፈለግሁ።

ሴትዮዋ በር ላይ ወጥታ ብጥስጣሽ ጨርቅ አራገፈች። ቀና ስትል እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ሆዷ።

አየሁት። ይህን ብቻ እጽፋለሁ፤ አየሁት።

ከኪዮስኩ ክብሪት ገዛሁ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ። ባለ ኪዮስኳ ከደንበኛዋ ጋር ታወራለች።

«ልብስ ሰፊዋ ዕቃዋን እያሰረች ነው አሉ።»

«ወዴት ልትሄድ?»

«እኔ ምን አውቄ። ከፋሲካ በኋላ እወጣለሁ ብላለች።»

አከራይዋ አስወጥቷት ይሆናል። ጥሩ። ሜዳ ላይ ትውደቅ። ሜዳ ላይ ከነ ስፌት መኪናዋ። እስከ ማንኩሳ ድረስ ይህን እያልኩ ነዳሁ።

መጋቢት 27

መድኃኔዓለም። ከቅዳሴ በኋላ አባን ከዕቃ ቤቱ ጥላ ሥር አገኘኋቸው።

«አባ፣ ሰው የሚያውቀውን ባይናገር ኃጢአት ነው?»

«ለምን ብሎ ነው የማይናገረው?»

«እንዲሁ።»

«እንዲሁ የሚባል የለም ልጄ። ወይ ሊሸፍን ነው፣ ወይ ሊወጋ ነው።» መቋሚያቸውን ወደ ሌላኛው እጃቸው አዛወሩ። «አንቺ ቤትሽን ይዘሽ ልጅሽን አስተምሪ። እሱ ብረቱን ይዞ ይሂድ። በዚሁ ይብቃችሁ።»

አባ ቤቱን ያዢ ይላሉ። ደላላው ቤቱን ያዢ ይላል። እማዋይሽ እንኳ። ሁሉም ቤቱን የሚሰጡኝ ለምንድን ነው? ማን አስጠንቷቸው?

ሚያዝያ 3

ቆቡን ስነቅል ውዳሴ ደረሰችብኝ። እጄ ውስጥ ያለውን አየች።

«የኔ ጠብታ ናት።»

«እገዛልሻለሁ አልኩሽ እኮ።»

«አላልሽኝም። አላየሁም ነው ያልሽኝ።» ወደ ሞተሩ ጎንበስ አለች። «ትሠራለች ማለት ነው? ለምን ታጠፊያታለሽ?»

«ያጠፋት አባትሽ ነው።»

«አሁን የነቀልሽው አንቺ ነሽ።»

ከሠፈር የሆነ ሰው እንዳይሰማ ዝም በይ አልኳት። ድምፄ ከሚገባው በላይ ወጣ።

«እማ፣ ቤቱን ምረጪ። እባክሽ። ከገበያው ጀርባ ክፍል ስትጠያይቂ ነበር አሉ፤ እዚያ ጫጫታ ውስጥ ቁጭ ብዬ አላጠናም። እኔ ከዚህ ቤት አልወጣም።»

የልጅ ንግግር ነው። ፈተናው አስጨንቋት ነው። በልጅነቷ እሱ ሲመጣ የሞተሩን ድምፅ ከኔ ቀድማ የምትሰማው እሷ ነበረች። ወደ በር ትሮጥ ነበር።

ይህን ለምን ጻፍኩ።

ሚያዝያ 10

ስቅለት። ስሰግድ ዋልኩ። ግንባሬ ምንጣፉን በነካ ቁጥር ያቺ ቅጽበት ትመጣለች። እኔ «መኪናዋን» ስል። የፊቱ መርገፍ። እጁ ኪሱ ውስጥ ቆቡን እንደጨበጠ። ስነሳ አፉ ሲከፈት፣ ስወድቅ ሲዘጋ።

በመጨረሻ አባ በወይራ ቅጠል ጀርባዬን እየመቱ «ይቅር በይ» አሉኝ። በሰልፉ ከኔ በፊት ለነበረችውም፣ ከኔ በኋላ ለነበረችውም ብለዋል።

ጉልበቴ ተልጧል።

ሚያዝያ 21

ሆነ።

ግቢያችን ውስጥ፣ ዋንዛው ሥር። ሽማግሌዎቹ አግዳሚው ላይ፣ እኔ በርጩማ ላይ፣ እሱ ቆሞ። ሁለት ድንጋይ አስቀመጠ። አንዱ ላይ የቤቱን ቁልፍ፣ ሌላው ላይ የመኪናዋን።

«ቤቱ ብቻውን አንድ ምድብ» አለ። «መኪናዋ በድን ስለሆነች ላሚቱና እህሉ ማካካሻ ይሁኗት።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሚዛኑ ልክ ነው። ውዳሴ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ታየኝ ነበር።

«ምረጪ ልጄ» አሉ አባ።

ተነሳሁ። ጉልበቴ ላይ ያለው ቁስል ቀሚሴን ያዘው። ሄጄ የመኪናዋን ቁልፍ አነሳሁ።

አጉረመረሙ። አንዱ «ኧረ ልጅቱ ምን ነካት!» አለ። አባ ሦስቴ ጠየቁኝ፤ ወጉ ነው። «የማትሄድ መኪና ናት፤ አስበሻል?» አስቤያለሁ። «ልጅ ይዘሽ ነው፤ አስበሻል?» አስቤያለሁ። «ኋላ መልሱልኝ ማለት የለም፤ አስበሻል?» አስቤያለሁ።

ከዚያ ዞሬ ፊቱን አየሁት። ጾሙን ሙሉ የጠበቅሁትን ፊት።

አለበል ጎንበስ ብሎ የቤቱን ቁልፍ ከድንጋዩ ላይ አነሳ። አቧራውን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። ኪሱ ከተተው።

ሌላ ምንም።

ለምን ሌላ ምንም?

ሞተር የሚያውቅ ሰው ማንም በማይደርስበት መንገድ ሞተር ማጥፋት ይችላል። ታደለ እንኳ በማያገኘው። ታዲያ ለምን ጣት በምትደርስበት ቦታ፣ ደግሞ «ስሚያት» ብሎ…

አይ። ደክሞኝ ነው።

ሚያዝያ 24

ዕቃዬን ጫንኩ። የተከራየሁት ክፍል ከገበያው ጀርባ ነው። ላሚቱን ትናንት ወስደውልኛል። ውጭው በር ላይ ከቡሬ የመጣ አይሱዙ ቆሟል፤ ከላዩ ፍራሽና የስፌት መኪና ታስሯል። ጋቢናው ውስጥ የተቀመጠችውን አላየሁም። እንዳላያት ወደ ሌላ በኩል አየሁ።

ሰው ተሰብስቦ ነበር። ጎረቤት፣ የባጃጅ ሹፌሮች፣ አባ። ሊገፉ እጃቸውን ሰብስበው መጡ። አንዱ «መምህርት፣ እስከ አዲሱ ቤት እንግፋልዎት?» አለ።

ቁልፉን አዞርኩ። በአንድ ጊዜ ተነሳች። እግሬን ከነዳጁ ላይ አነሳሁ። ሁሉም ጠበቁ። አልተንቀጠቀጠችም። እኩል፣ ለስላሳ፣ እንደተኛ ሰው ትተነፍስ ጀመር።

«ወይ ጉድ! በድኗ ተነሳች!» አለ ሹፌሩ። አባ ዓይናቸውን ከመኪናዋ ወደ አለበል፣ ከሱ ወደ እኔ አዞሩ።

ለዚህች ቅጽበት ነበር ሁሉም ነገር። አንገቴን አቅንቼ በመስኮቱ አየሁት።

አለበል ሰዉን አልፎ መጣ። ጎንበስ ብሎ ትንሽ አዳመጣት፣ ዓይኑን ጨፍኖ። ከዚያ እጁን ኪሱ ከቶ አንድ ትንሽ ጥቁር ነገር መዳፌ ላይ አስቀመጠ። የጎማ ቆብ። ያረጀ፣ ቅባት የጠጣ።

«የራሷ ይህች ናት» አለ። «ያንቺ በሙቀት ይቀልጣል።»

ድምፁ ውስጥ ክፋት ፈለግሁ። የማንኩሳ መንገድ ዳሩ ድምፅ ነበር።

ዞሮ ወደ ቤቱ ሄደ። ውዳሴ ደረጃው ላይ ቆማለች፣ መጻሕፍቷን ደረቷ ላይ አቅፋ። የኋላ ወንበሩን ዞሬ አየሁት። የኔ ሻንጣ፣ የኔ ካርታዎች፣ ድስት። የሷ ቦርሳ የለም።

«ውዳሴ፣ ነይ እንሂድ» አልኩ።

ዓይኗ አሁንም ቀልቶ ነበር።

ቆቡን ጨብጬ መሪውን ያዝኩ። ሞተሩ ጸጥ ብሎ ስለሚሠራ ከግቢው የሚመጣው ሁሉ በደንብ ይሰማ ነበር። አንድ ሰው ደረጃውን ሲወጣ። ሌላ እግር ሲከተለው። ማን እንደዘጋው አላየሁም። በሩ ተዘጋ።